የማደሪያው ዋጋ

የጌታችንን የልደት ታሪክ ስናነብ አብዛኛውን ጊዜ ልባችን የሚሳበው በኮከቡ፣ በእረኞቹና በሰብአ ሰገል ነው። ወንጌላዊው ሉቃስ ግን ከእነዚህ ሁሉ አስቀድሞ አንዲት አጭር ነገር መዝግቦልናል፤ ይኸውም ከናዝሬት ወደ ቤተ ልሔም ለቆጠራ የመጡት መንገደኞች በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ ማጣታቸውን ነው። ቅዱስ ሉቃስ በሙያው ሐኪም እንደነበረ ሐዋርያው ጳውሎስ ለቈላስይስ ሰዎች በላከው መልእክት አመልክቷል። የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ጽፎ ያቆየልንም እርሱ ብቻ ነው። በምሳሌው ሳምራዊው የቁስለኛውን ቁስል በዘይትና በወይን አክሞ መንገዱን አልቀጠለም፤ በራሱ እንስሳ ጭኖ ወደ እንግዶች ማደሪያ አደረሰው፣ በማግስቱም ለባለቤቱ ሁለት ዲናር ከፈለ፣ የሚጎድለውንም ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገባ። ስለ ዘይቱና ስለ ወይኑ ብዙ ተሰብኳል። ስለ ማደሪያው ሒሳብ ግን እምብዛም ሲነገር አንሰማም። ዛሬ የምናነሣው ይህንኑ ሒሳብ ነው፤ የካንሰር ሕክምና ፍለጋ ከገጠር ወደ ከተማ ለሚመጣ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ከሕክምናው ይልቅ የሚከብደው እርሱ ነውና።

አምና በልደት ዋዜማ፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብዙም በማይርቅ አንድ ደብር ቅጥር ውስጥ ከአንዲት እናትና ከልጃቸው ጋር ተገናኘን። የመጡት ከምሥራቅ ጎጃም ቆላማ ወረዳ ነው። እናቲቱ በነጠላቸው ተጠቅልለው ከዋርካው ሥር አረፍ ብለዋል፤ ልጁ ደግሞ አንድ የላስቲክ ከረጢት በደረቱ አቅፎ ቆሟል። ከረጢቱ ውስጥ የሆስፒታል ካርድ፣ የሪፈር ወረቀት፣ የናሙና ምርመራ ውጤት፣ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤና የጤና መድኅን ደብተር ነበረ። የእናቲቱ ሕመም የማሕፀን በር ካንሰር ነው። የታዘዘላቸው የጨረር ሕክምና 25 ጊዜ ሲሆን በዚያን ዕለት 17ቱን ጨርሰዋል።

«መምህር» አሉን እናቲቱ፣ «ደም ያየሁት አቻምና ሰኔ ላይ ነው። ሰኔ እንግዲህ የእርሻ ጊዜ ነው፣ ማን ይጠየቃል? አረም መጣ፣ አጨዳ መጣ፣ ውቂያ መጣ። ለልጄ የነገርሁት እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ ነው።»

እነሆ የመጀመሪያው ክፍያ። ይህ ክፍያ በየትኛውም የሆስፒታል ደረሰኝ ላይ አይታይም። የገበሬው ቤት ገንዘብ የሚያየው እህል ሲሸጥ ነው፤ ስለዚህ የገበሬው ሚስት ሕመም ቀጠሮ የሚያዝለት በሐኪም ሳይሆን በመኸር ነው። በሰኔ የጀመረው መድማት እስከ ጥር ሲጠብቅ ሰባት ወር ይሆናል። ልጃቸው እናቱን ይዞ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄደ። ናሙና ተወሰደ፣ ውጤት ተጠበቀ፣ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈ። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ነገር ግን እነርሱ አስፋልት ለመድረስ አስቀድመው በእግራቸው ግማሽ ቀን ተጉዘዋል። አዲስ አበባ ደርሰው ወረፋ ያዙ፣ ቀጠሮ ተሰጣቸው፣ ተመለሱ፣ እንደገና መጡ። ሕክምናው የተጀመረው በታኅሣሥ መጀመሪያ ነበር። አንድ በሬ በመጀመሪያው ጉዞ ተሸጧል። ሁለተኛው በሬ ለማደሪያ ኪራይ ሄዷል።

እዚህ ላይ ጥቂት ስለ ሕክምናው አሠራር መግለጽ አስፈላጊ ይሆናል። የጨረር ሕክምና በአንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ አይደለም። ጤነኛው የሰውነት ክፍል እንዲያገግም፣ በሽታው ግን እንዳያንሰራራ፣ መጠኑ በትንሽ በትንሹ ተከፋፍሎ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ይሰጣል። ለማሕፀን በር ካንሰር የተለመደው 25 ቀን፣ ማለትም አምስት ሳምንት ነው፤ በዚህ ላይ በሳምንት አንድ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒትና በመጨረሻም ከውስጥ የሚሰጥ ጨረር ይጨመራል። ታማሚዋ በመሣሪያው ሥር የምትቆየው በቀን ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። ለእነዚያ ደቂቃዎች ሲባል ግን የቀረውን ቀንና ሌሊት፣ ቅዳሜንና እሑድን ጨምሮ፣ በከተማ መኖር አለባት። አልጋ ይዘው የሚታከሙት ጥቂቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ከውጭ እየተመላለሱ ነው የሚታከሙት። ብቻዋን መቆም የማትችል ሴት አስታማሚ ያስፈልጋታል፤ አስታማሚውም ይበላል፣ ያድራል፣ በአገሩም እርሻው ጦም ያድራል። የጤና መድኅን ደብተሩ በሪፈር ለመጣ አባል የሕክምናውን ወጪ ሊያቃልል ይችላል። የአውቶቡሱን፣ የአልጋውንና የእንጀራውን ግን አይከፍልም።

በዚያች ዋዜማ ልጁ የነገረን ነገር ይህ ነበር፤ የተከራዩዋት ክፍል ባለቤት በዓልን ምክንያት አድርጎ ኪራይ ጨምሮባቸዋል፣ የያዘውም ገንዘብ ለመሳፈሪያ እንጂ ለተጨማሪ ሁለት ሳምንት አይበቃም። «እናቴን አገር ወስጄ ልደትን ከቤተሰብ ጋር ታሳልፍ፤ ጤፉን ሸጬ ከጥምቀት በኋላ እመልሳታለሁ» አለ። ሐሳቡ ምክንያታዊ መሰለን። እናቲቱም አገራቸውን ናፍቀዋል። እኛም ባርከን፣ በእጃችን ካለችው ጥቂት ለስንቅ አክለን፣ በሰላም ግቡ ብለን ሸኘናቸው።

ተመልሰው የመጡት በ24ኛው ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ከአንድ የካንሰር ሐኪም ዘንድ ቀርበን ነገሩን የጠየቅነው። ሐኪሙ በትሕትና፣ ነገር ግን ምንም ሳይሸፋፍኑ አስረዱን። የዚህ ዓይነቱ ሕክምና ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው በስምንት ሳምንት ውስጥ መጠናቀቅ ይኖርበታል። መሐል ላይ ሲቋረጥ ያልሞተው የበሽታው ክፍል እንደገና ይባዛል፤ ቀድሞ የተሰጠውም ጨረር ከነድካሙ ዋጋው እየቀነሰ ይሄዳል። የቀሩት ስምንት ቀናት ከዕረፍቱ በኋላ ቢሰጡም የመዳን ተስፋውን እንደነበረ አያደርጉትም። እኛ የሸኘናቸው ለበዓል ዕረፍት መስሎን ነበር። ያን ቀን ለሁለት ሳምንት ማደሪያ የሚሆን ገንዘብ ከምእመናን ለማሰባሰብ አንድ ቅዳሴ ማብቂያ ይበቃን እንደነበር ስናስብ አሁንም ይቆጨናል። ባለማወቅ ነው ብንል እውነት ነው፤ አለመጠየቃችን ግን ከባለማወቅ የሚቆጠር አይደለም።

በአገራችን የጨረር ሕክምና ታሪክ ራሱ የርቀትና የወረፋ ታሪክ ነው። ሕክምናው በጥቁር አንበሳ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መገባደጃ ላይ ሲሆን ከዚያ ወዲህ ከሃያ ዓመታት በላይ መላው አገር ሲታከም የኖረው በዚያው በአንድ ማዕከል ነው። ለረጅም ጊዜ ያገለገለው መሣሪያ በኮባልት 60 የሚሠራ ነበር። ኮባልት ደግሞ በባሕርይው ይደክማል፤ በየአምስት ዓመት ከሦስት ወር ገደማ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ምንጩ በጊዜው ካልተለወጠ ያንኑ መጠን ለመስጠት እያንዳንዱ ታማሚ ከመሣሪያው ሥር የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል፤ በቀን የሚታከመው ሰው ቁጥር ያንሳል፤ ወረፋውም ወራትን ይወስዳል። ከጠረፍ የመጣችው እናት ወረፋዋ እስኪደርስ በሽታዋ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ሲሸጋገር የታየበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም። ዛሬ ሁኔታው እየተለወጠ ነው። በጥቁር አንበሳ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራ ዘመናዊ መሣሪያ ሥራ ጀምሯል፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም የጨረር ሕክምና ይሰጣል፤ በጎንደር፣ በሐዋሳ፣ በመቐለና በሐረር የሚገኙ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም በዚሁ የማስፋፊያ ዕቅድ ውስጥ ገብተዋል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. ለ2020 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ በዓመት 77 ሺሕ ያህል ሰዎች አዲስ በካንሰር እንደሚያዙ አመልክቷል። ከሴቶች ካንሰር የጡት አንደኛ፣ የማሕፀን በር ሁለተኛ ነው።

በነገራችን ላይ የቋንቋችን ነገር እዚህ ላይ አንድ ችግር አለበት። አባቶቻችን ካንሰርንም፣ ሳንባን የሚያጠቃውንም በሽታ «ነቀርሳ» ሲሉ ኖረዋል። ከዚህም የተነሣ ካንሰር እንደ ሳል የሚተላለፍ የሚመስላቸው፣ የታማሚዋን ዕቃ የሚለዩ፣ ከእርሷ ጋር ማዕድ የማይቀርቡ ሰዎች በገጠርም በከተማም ገጥመውናል። ካንሰር አብሮ በመብላት፣ አብሮ በመተኛት፣ በማስታመም አይተላለፍም። ማደሪያ ፍለጋ የምትንከራተተውን ታማሚ በዚህ ምክንያት በር መዝጋት በሕመሟ ላይ ሌላ ሕመም መጨመር ነው።

ስለ ጠበልም ዝም ብለን ማለፍ አይገባንም። ብዙ ታማሚዎች ወደ ሐኪም ከመሄዳቸው በፊት፣ አንዳንዶቹም ሕክምናውን አቋርጠው፣ ጠበል ቦታ ወራት ይቀመጣሉ። ጠበል የቤተ ክርስቲያናችን ጸጋ ነው፤ ማንም በእምነት የሚጠመቅን ሰው ሊከለክል አይችልም። ይሁን እንጂ ጠበልን የሕክምና ጠላት ያደረገው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪም ሊከበር እንደሚገባውና መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። ነፍሳቸውን ይማርና ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. በእንጦጦ ለነበሩ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒቱንና ጠበሉን አንድ ላይ መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ መክረዋል። ለካንሰር ታማሚም ነገሩ ያው ነው፤ ጧት ጨረሯን ታክማ ከሰዓት በኋላ ብትጠመቅ የሚጣላ ነገር የለም፤ ቆዳዋ በጨረሩ የቆሰለ እንደሆነ ውኃ መንካት ስለመቻሉ ሐኪሟን መጠየቅ ይበቃል። ጾምንም በሚመለከት ሕክምና ላይ ያለ ሰው ሰውነቱ እንዳይጎዳ ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር። አባቶች ለሕሙማን የሚሰጡት ፈቃድ ከጥንት የነበረ እንጂ ለዘመናችን የተፈጠረ ማላላት አይደለም።

አሁን ወደ ማደሪያው ሒሳብ እንመለስ። የአገራችን ሕዝብ ወገኑ ሲሞት እንዴት እንደሚደራጅ ያውቃል። እድሩ ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ድስትና ሰታቴ አለው፤ ጥሩምባ ሲነፋ በአንድ ሰዓት ውስጥ መቶ ሰው ይሰበሰባል። ስለ ሞተው ሰው የሚደረገው ጸሎትና መሥዋዕት የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፤ ለተዝካር የሚታረደው በሬና የሚጠመቀው ጠላ ግን ባህል ነው። እናቱን ለማሳከም አንዱን በሬ ለመሸጥ ሲያመነታ የኖረ ቤተሰብ እናቱ ባረፈች በ40ኛው ቀን ሁለት በሬ ሲያርድ በዓይናችን አይተናል። ለዚህ ቤተሰቡን ብቻ መውቀስ አንችልም፤ ጎረቤቱ የሚጠብቀው፣ እድሩም የሚያግዘው ለሁለተኛው ነውና።

ሒሳቡን በቁጥር እንየው። መቶ አባወራ ያለው አንድ የገጠር እድር ከየአባሉ በወር 10 ብር ለሕሙማን ቢለይ በዓመት 12 ሺሕ ብር ይሆናል። ይህ የአንዲትን ታማሚና የአስታማሚዋን የአምስት ሳምንት ወጪ በሙሉ ባይሸፍን እንኳ ሁለተኛው በሬ እንዳይሸጥ ያደርጋል። ከዚህም በላይ በሰኔ ደም ያየችው ሴት መኸርን ሳትጠብቅ እንድትነሣ ያስችላታል፤ የእድሩ ገንዘብ እንደ ጤፍ ወቅት አይጠብቅምና። መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው ለታመመ አባል መርዳት የጀመሩ እድሮች በከተሞች አሉ። የሰበካ ጉባኤዎችና የጽዋ ማኅበራትም ይህን ማድረግ የሚከለክላቸው ደንብ የለም። ማደሪያን በተመለከተ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ሊጠቀስ የሚገባው ነው። ድርጅቱን የመሠረቱት ሕፃን ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች ናቸው፤ ስሙም የልጁ ስም ነው። ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ አቅም ለሌላቸው ታማሚዎች በአዲስ አበባ ማረፊያ ሲሰጥ ቆይቷል። አንድ ድርጅት ግን የአገርን ሁሉ እንግዳ ሊያሳድር አይችልም። በሆስፒታሎቹ ዙሪያ ያሉ አድባራት በቅጥራቸው ካሏቸው ቤቶች ሁለት ክፍል ቢለዩ አሥር አልጋ ይወጣዋል።

በዚህ ወቅት ይህን የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ልደት የሚውለው እህሉ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። በብዙ ወረዳዎች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ምዝገባና እድሳት የሚካሄደውም በእነዚሁ ወራት ነው። አገልግሎቱ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ዛሬ በብዙው የአገሪቱ ክፍል ደርሷል፤ መክፈል ለማይችሉ ድሆች መዋጮውን መንግሥት ይሸፍንላቸዋል። አባል የሆነ ሰው ግን አንድ ነገር ማወቅ ይኖርበታል። መድኅኑ የሚሠራው ከጤና ጣቢያው ጀምሮ ደረጃውን ጠብቆ በሪፈር ለሚሄድ ነው። በቀጥታ አዲስ አበባ የመጣ ሰው ከኪሱ ይከፍላል። የናሙናው ምርመራ ውጤት ወረቀትም ከቤት ከተረሳ ወይ ሰው ይላካል፣ ወይ ምርመራው ይደገማል፤ ሁለቱም ተጨማሪ የማደሪያ ቀን ነው። ያ ጎልማሳ ከረጢቱን እንደ ሕፃን ያቀፈው ይህን በመከራ ስለተማረ ነበር።

ከሁሉም የሚረክሰው ማደሪያ የማያስፈልገው ሕክምና ነው። የማሕፀን በር ካንሰር ካንሰር ከመሆኑ በፊት ለዓመታት በቅድመ ካንሰር ደረጃ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት በጤና ጣቢያ ወይም በአቅራቢያዋ ሆስፒታል ልትመረመር ትችላለች። ምርመራው ሴቶቻችን እንደሚፈሩት አይደለም፤ በአሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ኮምጣጤ ውስጥ ባለው አሲድ፣ የማሕፀን በር ይቀባል፤ ከደቂቃ በኋላ ነጭ ሆኖ የሚታይ ቦታ ካለ በብርድ ወይም በሙቀት መሣሪያ ሊታከም ይችላል፤ ይህም ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ያልቃል። ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የመከላከያ ክትባት መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው አሉ፤ የምርመራውን ቦታና ቀን እነርሱን መጠየቅ ይቻላል። ከግንኙነት በኋላ ወይም የወር አበባ ካቆመ በኋላ የሚታይ ደም፣ በጡት ላይ የሚወጣ እብጠት፣ በሕፃን ዓይን ብሌን ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚያንጸባርቅ ነገር ሲታይ መኸር የሚጠበቅበት አይደለም። በተለይ የጡቱ እብጠት በመጀመሪያ አያምም፤ ብዙ እናቶችን ያዘናጋቸውም አለማመሙ ነው።

ባሳለፍነው ኅዳር ያ ልጅ ደወለልን። እናቲቱ ሕክምናቸውን የካቲት ላይ ጨርሰው በየሦስት ወሩ ለክትትል ይመላለሳሉ፤ ሐኪሞቹ እስካሁን የከፋ ነገር አላዩም፣ ደኅና ነዎት ብለውም አላሰናበቷቸውም። የእድራቸው ሽማግሌዎች ለክትትሉ የመሳፈሪያውን ግማሽ መሸፈን ጀምረዋል። ልጁ የደወለው ግን ለሌላ ነገር ነበር። ባለቤቱንና የእናቱን ታናሽ እህት ይዞ በወረዳው ጤና ጣቢያ አስመርምሯቸዋል። አክስቱ ምንም አልተገኘባቸውም። በባለቤቱ ላይ ትንሽ ነጭ ቦታ ታይቶ በዚያው ቀን ታክማለች፤ ከዓመት በኋላ ተመልሳ እንድትታይ ተነግሯታል። ዕለቱ ቅዳሜ ስለነበረ ከጤና ጣቢያው ወጥተው ገበያ ደርሰዋል።